ጠቢብ፣ ጠይብ፣ አስማተኛ

ስም ለሥራ ልብስ ነው። ልኩን ሲያገኝ ያሳምረዋል፤ ሲሰፋ ይሰውረዋል፤ ሲጠብም ያጐሳቍለዋል። አዲስ ብልሃት ላወጡ ሰዎች ጋዜጦችና ሕዝብ የሰጧቸው ስሞች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ቶማስ ኤዲሶን በአሜሪካ አገር፣ በኒው ጀርዚ ግዛት፣ ሜንሎ ፓርክ በምትባል መንደር የሥራ ቤት ያቆመው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። በ1877 ዓ.ም. መጨረሻ የሰውን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰማ፣ ፎኖግራፍ የተባለ መሣሪያ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የኒው ዮርክ ጋዜጠኞች ወደ መንደሪቱ ተመላለሱ፤ ባዩትም ተደንቀው «የሜንሎ ፓርክ አስማተኛ» አሉት። ስሙም በሕዝቡ አፍ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው «ዊዛርድ» ይሉታል። ቃሉ የወጣው «ዋይዝ» ከሚለው ነው፤ ትርጓሜውም ጠቢብ ማለት ነው። መነሻው የዕውቀት ስም ሲሆን፣ ኋላ ስውር ኀይል ላለው ሰው መጠሪያ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ታላቅ ነው። ጠቢብን እንዴት ሠራኸው ቢሉት ያስረዳል፤ ደቀ መዝሙርም ያወጣል። አስማተኛን ግን እንዴት ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሥራው ያለ ድካምና ያለ ረዳት በአንድ ቃል የተፈጸመ ይመስላልና።

የታሪኩ እውነት ከዚህ የራቀ ነው። ፎኖግራፉን ኤዲሶን አሰበው፤ በእጁ የሠራው ግን ከስዊስ አገር የመጣው ጆን ክሩዚ ነበረ። በኤሌክትሪክ መብራቱም ብዙዎች አስቀድመው ደክመውበታል። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን በከሰል ክር የሚበራውን መብራቱን በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ በሕዝብ ፊት አሳይቷል። በሜንሎ ፓርክም ፍራንሲስ አፕተን ሒሳቡን ያወጣ ነበር፤ ቻርልስ ባቸለር ክሩን ያዘጋጅ ነበር፤ ሉድቪግ ቤም ብርጭቆውን ይነፋ ነበር፤ አየሩም በባዜቃ በሚሠራ መሣሪያ ከውስጡ ይመጠጥ ነበር። በጥቅምት ወር 1879 ዓ.ም. አንዱ መብራት ከ13 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ በራ። የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ በታኅሣሥ 21 ቀን ሰፊ ወሬ አወጣ፤ በዓመቱም መጨረሻ ቀን ሕዝቡ በባቡር እየጐረፈ መጥቶ አየ። ያየው ግን መብራቱን እንጂ የብዙዎችን ሌሊት አልነበረም።

በ1883 ዓ.ም. ኤዲሶንና ስዋን በእንግሊዝ አገር በአንድ ኩባንያ ተባበሩ። የንግዱ ወረቀት ሁለቱን ስም ሲያጋባ፣ የሕዝቡ ተረት አንዱን ብቻ አስቀረ። ከባርነት ካመለጡ ወላጆች የተወለደው ሉዊስ ላቲመር ደግሞ በ1882 ዓ.ም. የከሰሉን ክር አሠራር አሻሽሎ የባለመብትነት ወረቀት ተቀበለ፤ በ1890 ዓ.ም.ም ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ አሳተመ። ስሙ ግን ለብዙ ዘመን እምብዛም አይነሣም ነበር። ዛሬ ይህን በደል ለመካስ ሲሉ «መብራትን ያወጣ እርሱ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አስማተኛውን በሌላ አስማተኛ መለወጥ ነው እንጂ ታሪክን ማቅናት አይደለም።

በኢትዮጵያም የአንድ ቃል ዕጣ ይህን ይመስላል። የግእዙ «ጠቢብ» ዐዋቂ፣ ብልህ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ «ጠይብ» ሆኖ የብረት ሠሪው ስም ሆነ፤ ከዚያም ስድብ ሆነ። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ቡዳ ብሎ ፈራው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። እነሆ፣ በአሜሪካ ምስጋና በኢትዮጵያም ስድብ በአንድ መንገድ ሄዱ። አንዱ አስማተኛ ብሎ አከበረ፣ ሌላው ቡዳ ብሎ አዋረደ፤ ሁለቱም የእጅን ድካምና የትምህርትን ዋጋ ለስውር ኀይል ሰጡ።

«ፈጣሪ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። መፍጠር ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት እንደ ሆነ ሊቃውንት አስተምረዋል። በላቲን ግን ለብልሃት አውጪ የተሰጠው ስም «ያገኘ» ማለት ነው፤ ያገኘ ሰውም ሌሎች በጠረጉት መንገድ የሄደ ነው። በኦሪት ዘጸአትም ባስልኤል ጥበብ እንደ ተሰጠው ሲነገር፣ ረዳቱ ኤልያብ በስሙ ተጽፏል።

ስለዚህ ስለ ብልሃተኞች የሚጽፍ ሰው ያሰበውን «አሰበ»፣ የሠራውን «ሠራ»፣ ያሻሻለውንም «አሻሻለ» ብሎ ለይቶ ይጻፍ። ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ብልሃት አስማት ነው ተብሎ የተነገረው ልጅ ቆሞ ያደንቃል፤ ቡዳነት ነው የተባለውም ይሸሻል፤ ትምህርትና ድካም ነው የተባለው ግን መዶሻውን ያነሣል።