ስንቅ የሌለው መንገደኛ

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ በቼክ ተከስሼ ፖሊስ ጣቢያ ነኝ። ዋስ ይሆኑኛል?» አለኝ። ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ጭምት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁን ሊያሰፋ ከአንድ ሰው ገንዘብ ተበደረ። አበዳሪው ውል እንጻፍ አላለውም፤ ቤት አስይዝልኝም አላለውም። «ቼክ ብቻ ፈርምልኝ» አለው። ዋናውም ወለዱም ተደምሮ ቼኩ ላይ ሰፈረ። ያን ዕለት በሒሳቡ ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ እንደሌለ ፈራሚውም ተቀባዩም ያውቃሉ። «እስክትከፍለኝ እኔ ጋ ይቀመጥ» ተባባሉ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ቼኩ ከመሳቢያ ወጥቶ ባንክ ሄደ፤ ከባንክ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ።

እንዲህ ያለውን ቼክ ገበያው «ደረቅ» ይለዋል። በፍርድ ቤት ቋንቋ ደግሞ «በቂ ስንቅ የሌለው» ነው። ስንቅ የሚለውን ቃል የመረጠ ሰው አማርኛ ያውቃል። ቼክ መንገደኛ ነዋ! ከፈራሚው እጅ ተነሥቶ ባንኩ መስኮት ሲደርስ የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል። ስንቅ ሳይቋጠርለት የተላከ መንገደኛ ምን እንደሚገጥመው አያቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር።

ያልተከፈለ ዕዳንም ያውቁ ነበር። መድኃኒታቸው ቁራኛ ይባላል። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው የሚሄዱ ሰዎችን ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ሰንሰለቱ ከቀረ ቆየ፤ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ግን ቃሉ ዛሬም ከእኛው ጋር ነው። ቁራኛ ውርደት ነበር፤ ይመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ልብ የሚባል ነገር ነበረው፤ ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ አለው። የጨከነ አበዳሪ ጭካኔው የራሱንም እጅ ይይዘዋል። ሎሌ ያለው ሎሌውን ያስቆራኝ ይሆናል፤ ያም ቢሆን አንድ የሥራ ሰው ያጣል። ስለዚህ ለመታረቅ የሚቸኩለው ባለዕዳው ብቻ አልነበረም።

የወረቀት ዘመን የመጣው ቆይቶ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ሰው የሚያምነው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሺህ ብር የሚከፍል ነጋዴ 28 ኪሎ መጫን አለበት ማለት ነው። ያ ነጋዴ ደረቅ ቼክ ልስጥ ቢል እንኳ አይችልም፤ ብሩ ወይ በቅሎዋ ላይ አለ፣ ወይ የለም። ወረቀት ሸክሙን አቀለለልን። በምትኩ ግን በፊርማውና በገንዘቡ መካከል ክፍተት አመጣብን። ክፍተቱን የሚሞላው እምነት ነው፤ እምነት ሲጎድል ደግሞ ሕግ።

ሕጉን ያገኘነው በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ማርቀቁን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እሳቸው ሲሞቱ የአገራቸው ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ለንግድ ወረቀቶች መሠረት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 ጄኔቭ ላይ የተደረገው ስምምነት ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ይህ ክፍል አልተሻረም። በዚህ ሕግ የሐዋላ ወረቀት «ለእገሌ ክፈልልኝ» ይላል። የተስፋ ሰነድ «እኔው እከፍላለሁ» ይላል። ቼክ ደግሞ ባንኩን «ሲቀርብልህ ክፈል» ይለዋል። ቼክ ቀጠሮ አያውቅም፤ የከርሞ ቀን ቢጻፍበት እንኳ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። ሳይከፈሉ ሲቀሩ፣ እምቢታው በሥርዓቱ ከተረጋገጠ፣ የያዛቸው ሰው ያወጣውንም ጀርባው ላይ የፈረመውንም መጠየቅ ይችላል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ለእነዚህ ወረቀቶች አቋራጭ መንገድ አበጅቷል፤ ተከሳሹ ለመከላከል መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

እስከዚህ ሦስቱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ከወንጀል ሕጉ ይመጣል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትን ወንጀል አደረገው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግም በአንቀጽ 693፣ እያወቀ የሰጠውን ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የተስፋ ሰነዱን ያልከፈለ ግን ንብረቱ ይሸጥበት ይሆናል እንጂ ስላልከፈለ ብቻ ወህኒ አይወርድም።

ታዲያ አበዳሪው የትኛውን ወረቀት ይመርጣል? መልሱን የተማሪዬ ቼክ ይነግረናል። የመክፈያ ትእዛዝ የነበረው ወረቀት ሰው ማስያዣ ሆነ። አራጣ ማበደር ራሱ ወንጀል ነው፤ ዋናውና አራጣው በአንድ ቁጥር ተደምሮ ቼክ ላይ ሲሰፍር ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል? አራጣ አበዳሪው የክስ አቤቱታ ይዞ ጣቢያ ሲገባ ተበዳይ ይመስላል።

የሌላውን ወገን እንባ ግን አልረሳሁም። ዕቃውን አስረክቦ፣ ቼኩን አምኖ ተቀብሎ፣ ባንክ ሲደርስ ባዶ ሒሳብ የጠበቀው ነጋዴ አለ። እሱም ሠራተኛ ይከፍላል፤ እሱም ዕዳ አለበት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚል ሕዝብ መካከል ፊርማ ቀልድ ሊሆን አይገባም። እንዲህ ያለውን አታላይ ሕግ ቢይዘው እሰየው።

እኔ የምለው አታላዩና የከሰረው ይለዩ ነው። የንግድ ሕጋችን አርቃቂዎች አገር ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1917 ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትን ወንጀል አድርጋ ነበር። በ1991 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ ግን ተወችው። ባለ ደረቅ ቼኩ ዕዳውን እስኪያስተካክል ቼክ መጻፍ ይከለከላል፤ ተቀባዩን ሊጎዳ አስቦ ገንዘቡን ከሒሳቡ ያሸሸ ግን ያው ወንጀለኛ ነው። እኛስ ቢያንስ አንዲት ጥያቄ አስቀድመን ብንጠይቅ ምናለ? ቼኩን ስትቀበል ደረቅ መሆኑን ታውቅ ነበር ወይ? እያወቀ የተቀበለ ሰው አበደረ እንጂ አልተታለለም። ለአበዳሪ ደግሞ የፍትሐ ብሔሩ በር፣ ያውም ከነአቋራጩ፣ ክፍት ነው።

ተማሪዬን ዋስ ሆንኩት። ስንወጣ አበዳሪው ከጣቢያው በር ላይ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። እጁን አየሁት፤ ሰንሰለት የለበትም።