«ሕዝብ ማለት እኔ ነኝ እንዴ?»

የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ተረት ጋዜጣ ላይ አውጥቼ ነበር። የሰማሁት ከአክስቴ ነው። እሷ ሽሮዋን እያማሰለች ታወራለች፣ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ በደብተር እጽፋለሁ። ጋዜጣው ሲወጣ ከላይ «ከሕዝብ የተገኘ ተረት» ይላል፤ ከታች የኔ ስም አለ። ደስ ብሎኝ ይዤላት ሄድኩና አነበብኩላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና ብላ፣ «ሕዝብ ማለት እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሰሞኑን ስለ ግሪም ወንድማማቾች ሳነብ ያቺ ጥያቄ ተመልሳ መጣች።

«ስኖው ዋይት»ን ወይም «ሃንሰልና ግሬተል»ን ያልሰማ ልጅ ብዙ አይገኝም። እነዚህን ተረቶች በመጽሐፍ ያወጧቸው ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ናቸው። ያኮብ በ1785፣ ቪልሄልም በ1786 ሃናው በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሕግ ባለሙያ የነበሩት አባታቸው በ1796 ሲሞቱ የደላው ቤት ጎደለ። ትልቁ ያኮብ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለቱም ማርቡርግ ገብተው ሕግ ተማሩ፤ ልባቸው ግን ወደ ጥንቱ ቋንቋና ተረት አደላ።

ዘመኑ የናፖሊዮን ነው። የሚኖሩባት ካሰል ከ1807 ጀምሮ የናፖሊዮን ወንድም ዤሮም የነገሠባት ከተማ ሆነች። ያኮብም ለእንጀራው ሲል የዚሁ ንጉሥ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ባዕድ ሲገዛህ «እኛ ማነን?» ማለት ትጀምራለህ። ወንድማማቾቹ መልሱን የፈለጉት በተራው ሰው አፍ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ቅጽ በ1812 ገና ሰሞን 86 ተረቶች ይዞ ወጣ። ሁለተኛው በ1815 70 ጨመረ። ማስታወሻ የታጨቀበት የምሁር ሥራ ስለነበር «ይሄ ለልጅ አይሆንም» ያሉም ነበሩ።

ለመሆኑ ተረቱን ከማን አገኙት? ብዙዎቻችን ሁለቱ ወንድማማቾች ከመንደር መንደር ሲዞሩ ነው የሚታየን። በአብዛኛው ግን ተራኪዎቹ ናቸው ወደ እነሱ የሚመጡት። ብዙዎቹም የተማሩ፣ የደህና ቤተሰብ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከነዚህ መካከል የጎረቤታቸው የመድኃኒት ቀማሚው የቪልድ ልጆች ይገኙባቸዋል፤ ቪልሄልም በኋላ አንዷን አግብቷል። አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ደግሞ ተረቱን በአሮጌ ሱሪ ይለውጥ ነበር። አዎ፣ በአሮጌ ሱሪ!

ከሁሉም የሚልቁት ግን ወይዘሮ ዶሮቴያ ፊህማን ናቸው። በ1755 ካሰል አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የመንገደኛ ማረፊያና መጠጥ ቤት ስለነበራቸው የነጋዴውንና የጋሪ ነጂውን ወሬ እየሰሙ አደጉ። ልብስ ሰፊ አገቡ፣ ልጆች ወለዱ፣ ኑሮ ጠመመባቸው። ካሰል ገበያ እየመጡ አትክልት መሸጥ ያዙ። ከ1813 ጀምሮ ታዲያ በዚያው ወደ ግሪሞች ቤት ጎራ ይሉና ቡና ቀርቦላቸው ያወራሉ። ወደ 40 የሚጠጉ ተረቶች ሰጥተዋል።

አወራራቸው ቪልሄልምን አስደንቆታል። በመግቢያው ላይ እንደመሰከረው፣ መጀመሪያ ተረቱን እንደልባቸው ያወርዱታል፤ ከዚያ ጸሐፊው እንዲደርስባቸው ቀስ ብለው ይደግሙታል። ከተሳሳቱ እዚያው ያርማሉ እንጂ ነገር አይለውጡም።

ነገር ግን ያው መግቢያ ሴትዮዋን ያስተዋወቀው «ገበሬ» ብሎ ነው። የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ሚስት መሆናቸው ቀረ። በአባታቸው በኩል ደግሞ በሃይማኖት ስደት ፈረንሳይን ጥለው ከተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ይወለዳሉ። «የጀርመን ገበሬ ጥንታዊ ተረት» ለሚፈልግ መጽሐፍ ይሄ ሁሉ የማይመች ዝርዝር ሳይሆን አልቀረም። ወይዘሮ ዶሮቴያም «ሕዝብ» ሆኑ ማለት ነው። ሁለተኛው ቅጽ በወጣበት በ1815፣ በኅዳር ወር አረፉ። የግሪሞች ታናሽ ወንድም የሳለው ምስላቸው በመጽሐፉ የታተመው በ1819 ነው።

ተረቱም ቢሆን እንዳለ አልቀረም። ቪልሄልም እስከ 1857ቱ 7ኛ እትም ድረስ ሲያርም ኖረ። በ1812 በስኖው ዋይት የምትቀናው የገዛ እናቷ ነበረች፤ በ1819 የእንጀራ እናት ሆነች። ሃንሰልንና ግሬተልን ጫካ ያስጣለችው እናትም በ1840 የእንጀራ እናት ተደረገች። ኃጢአቱን ሁሉ ለእንጀራ እናት! በ1825 ለልጆች ተብሎ 50 ተረት ብቻ የያዘ ሥዕላዊ እትም ወጣ፤ በየቤቱ የገባውም ይሄ ነው።

ታዲያ ወንድማማቾቹ ሌቦች ነበሩ? እንዲህ ብል ግፍ ይሆንብኛል። መጽሐፋቸው ላይ የጻፉት «ሰብሳቢ» ብለው ነው። የኅሊና ሰዎችም ነበሩ፤ በ1837 የሃኖፈር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ከተቃወሙት ሰባት የጎቲንገን ፕሮፌሰሮች ሁለቱ እነሱ ናቸው። ከሥራ ተባረሩ፤ ያኮብ አገሩን ለቅቆ እንዲወጣም ታዘዘ። ከዚያ የጀመሩት ትልቁ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት እነሱ ካለፉ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው የተጠናቀቀው። ቪልሄልም በ1859፣ ያኮብ በ1863 ሞቱ። እነሱ ባይጽፉ ኖሮ የወይዘሮ ዶሮቴያ ተረት አብሯቸው ይቀበር ነበር፤ ስማቸውንም ዛሬ አላነሳም ነበር።

ግን ደግሞ ያልተጻፈው ሲጠፋ፣ የጻፈው ይወርሳል። ዓለም የሚያውቀው «የግሪም ተረት» ብሎ ነው።

አክስቴ ካረፈች ቆየች። ባለፈው ሳምንት ያንን አሮጌ ደብተር ከሣጥን አውጥቼ ከእያንዳንዱ ተረት በላይ ሙሉ ስሟን ጻፍኩ። ቀጥሎ «የሰማችው ከ» ብዬ ጀመርኩና እስክሪብቶዬ ቆመ። በሕይወት እያለች ይህን አንድ ቀን እንኳን ጠይቄያት አላውቅም።