መርማሪው ማን ነው? የሆሊውድ የወንጀል ምርመራ ፊልሞችና የእኛ ድርሻ

የድሮው የሆሊውድ የወንጀል ምርመራ ፊልም አካሄዱ ይታወቃል፡፡ ሰው ይገደላል ወይም ዕቃ ይጠፋል፤ ባርኔጣ ያጠለቀ መርማሪ መጥቶ ይጠይቃል፤ ሌላው ሁሉ ይመልሳል፡፡ ገዳዩ መጨረሻ ላይ መታወቁ አይቀርም፡፡ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን የመጠየቅ መብት ለማን ተሰጠ የሚለው ነው፡፡

በ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ገበያ ከሳቡት መርማሪዎች አንዱ ቻርሊ ቻን የሚባል የሆኖሉሉ ቻይናዊ ፖሊስ ነበር፡፡ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን፣ በ1926፣ ቻንን የተጫወተው ጃፓናዊው ጆርጅ ኩዋ ቢሆንም የተሰጠው ቦታ ትንሽ ነበር፡፡ ቻን የፊልሙ ዋና ሰው ሲሆን ፊቱም አብሮ ተቀየረ፡፡ ከ1931 ጀምሮ በ16 ፊልሞች ቻንን ሆኖ የሠራው የስዊድን ተወላጁ ዋርነር ኦላንድ ነው፤ እሱ በ1938 ሲሞት የተተካውም ሲድኒ ቶለር የተባለ ነጭ አሜሪካዊ ነው፡፡ ቻይና የተወለደው ኪ ሉክ የመርማሪው ልጅ ሆኖ ከኋላ ከኋላ ይሮጣል፡፡ በ1940ዎቹ የመጣው ጥቁሩ ማንታን ሞርላንድ ደግሞ ሥራው ሹፌር ሆኖ መፍራትና በፍርሃቱ ማሳቅ ነበር፡፡ ሞርላንድ ድንቅ ኮሜዲያን ነው፤ እኔም እያፈርኩ እስቃለሁ፡፡

በ1967 የወጣው ‹‹ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት›› ይህን ልማድ ሰበረ፡፡ ሲድኒ ፖይቲየር የሚጫወተውን ጥቁር መርማሪ አንድ ነጭ ባለርስት በጥፊ ይመታዋል፤ መርማሪው ወዲያው አጸፋውን ይመልሳል፡፡ ይሁንና የዓመቱን የምርጥ ተዋናይ ኦስካር የወሰደው የሥራ ባልደረባው ሮድ ስታይገር ሲሆን፣ ፖይቲየር በዕጩነት እንኳ አልቀረበም፡፡

የዚህ ፊልም ጸሐፊ ስተርሊንግ ሲሊፋንት በ1973 ‹‹ሻፍት ኢን አፍሪካ››ን ጻፈ፤ ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡ የኒውዮርኩ ጥቁር የግል መርማሪ ሻፍት (ሪቻርድ ራውንድትሪ) አፍሪካውያንን ለባርነት ወደ አውሮፓ የሚያጓጉዝ ቡድን እንዲያጋልጥ ይቀጠራል፤ ፊልሙም በከፊል የተቀረፀው በኢትዮጵያ ነው፡፡ መልክዓ ምድሩ የእኛ ነው፡፡ አሚሩን የሚጫወተው ግን የጉያና ተወላጁ ሳይ ግራንት፣ ልጁን ዓለሜን የምትጫወተው አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማጊ ናት፡፡ የእኛው ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለችውን አነስ ያለች ሚና አግኝቷል፡፡ የመድረክ ብቃቱን ለሚያውቅ ሰው ቁጭት ነው፡፡

በነገራችን ላይ፣ ሌላው ሲወክልህ ምን እንደሚመጣ የአምባሰል ሰው አይጠፋውም፡፡ የ1889ኙ ውል የተፈረመው እዚያው ውጫሌ ላይ ነው፤ የጣሊያንኛው አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል እንድትገናኝ ሲያስገድድ፣ የአማርኛው ግን በፈቃዷ ያደርገው ነበር፡፡

የድሮዎቹ የመርማሪ ፊልሞች ወራሽ የምለው የጂም ጃርሙሽ ‹‹ብሮክን ፍላወርስ›› በ2005 በካን ታላቁን ሽልማት (ግራን ፕሪ) አግኝቷል፡፡ በውስጡ ዊንስተን የሚባል፣ የመርማሪ ታሪክ የሚወድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ሦስት ሥራና አምስት ልጆች ያሉት፡፡ የተጫወተው አሜሪካዊው ጄፍሪ ራይት ነው፡፡ እውነተኛው ኢትዮጵያዊ ድምፅ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው፡፡ የኢትዮ ጃዝ መሠረት ከሆኑት አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው፡፡ ሐይቅ ላሉ ጓደኞቼ ፊልሙን ባሳየኋቸው ጊዜ ዊንስተን ሲያወራ ዝም ብለው ቆዩ፤ ሙዚቃው ሲጀምር ግን አንዱ ‹‹ይቺ እንኳ የኛ ናት›› አለ፡፡

ፊርማ የሌለውን ሮዝ ደብዳቤ ማን ጻፈው የሚለውን ምርመራ የሚያቅደው ዊንስተን ነው፡፡ የጉዞውን ካርታና የሙላቱን ሲዲ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ በር እያንኳኳ የሚጠይቀው ግን ቢል መሬይ ነው፡፡ ዊንስተን እቤቱ ይቀራል፡፡