አሊዩ አምባን ማን ይገልጣታል?

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንኮበር ሥር፣ ወደ ቆላው ወረድ ብላ የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። አርብ አርብ በሚቆመው ገበያ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ሐረሪውና አማራው ይገናኛል። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅና የዝሆን ጥርስ ይለወጣል። በአካባቢው ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከእንግዳ ብዕር ነው። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛው ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በዚያው አለፈ። በዓመቱ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደርሶ በከተማዋ ተቀመጠ፤ ያየውንም በ1844 በሁለት ቅጽ ለንደን ላይ አሳተመ። የጆንስተን መጽሐፍ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ወደ ጽሑፍ ፋይል ተቀይሮ ሲታመቅ ሁለቱም ቅጽ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ይይዛል። ጆንስተን ያያቸው ነጋዴዎችና የቁርዓን መምህራን የጻፉት ግን ከመጽሐፉ ጎን ተቀምጦ አይነበብም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ለመልሱ ጽሑፍ እንዴት እንደሚታመቅና እንዴት እንደሚገለጥ ማየት ይጠቅማል።

ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያምቀው ተደጋግሞ የመጣውን በአጭር ምልክት በመተካት ነው። ዣን ሉ ጋይሊና ማርክ አድለር በ1992 ያወጡት ጂዚፕ የተባለ ፕሮግራም ይህን ሥራ ለሁሉም ሰው በነፃ አዳረሰው። የታመቀው ፋይል ግን እንዳለ ቢከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ስለዚህ ገላጭ ያስፈልገዋል። ረጅም ጽሑፍን በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ ገጽ በገጽ የሚያሳየውን «ሞር» የተባለ ፕሮግራም ዳንኤል ሃልበርት በ1978 ሠርቶ ነበር። ማርክ ኑደልማን ደግሞ ወደ ኋላም መመለስ የሚያስችለውን «ሌስ» አስከተለ። ሁለቱ ሐሳቦች ሲጋቡ «ዚሌስ» ተወለደ። የታመቀውን ፋይል ሙሉውን በዲስክ ላይ ሳይዘረግፍ፣ እየፈታ ገጽ በገጽ ያሳያል። ብዙ ቦታ አይወስድም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

ሐሳቡ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በድጓ መጻሕፍት ከቃሉ በላይ የተቀመጡት ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች እያንዳንዳቸው የአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ ምኅጻር ናቸው። ሁለትና ሦስት ፊደል ሙሉ ዜማ ይሸከማል። ሥረዩን ያላጠና ሰው ምልክቱን ቢያይም ዜማው አይሰማውም። ገላጩ መሪጌታው ነው፤ መሪጌታው ከሌለ መጽሐፉ በእጅ እያለ ዜማው ይጠፋል።

ይህንኑ ነገር በትልቁ ያሳየው የማይክሮፊልም ሥራ ነው። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የኮሌጅቪል የብራና ቤተ መጻሕፍትና ከሌሎች ጋር በመተባበር የብራና መጻሕፍትን በፊልም ማንሣት ጀመረች። የንጉሡ ሥርዓት ሲወድቅም ሥራው አልተቋረጠም። በመጨረሻ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሸዋ ናቸው። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ገባ።

ፊልሙን የገለጠው ሰው ደግሞ የሸንኮራ ተወላጅ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ገብተው ኮሌጅቪል ሥራ ጀመሩ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በአውራ ጣት ስፋት ፊልም ላይ የታመቀውን የአገራቸውን ብራና ገጽ በገጽ እያነበቡ በየቁጥሩ ምን እንዳለ መዘገቡ። ከዊሊያም ማኮምበር ጋር የተዘጋጀው ካታሎግ 10 ቅጽ ደረሰ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 አረፉ። ያ ካታሎግ ባይኖር ኖሮ ፊልሙ በሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ጥቅልል ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ የአሊዩ አምባ ጥያቄ ይመለሳል። የማይክሮፊልሙ ትኩረት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ነበሩ። አቀበቱ ላይ ያሉ የሸዋ አድባራት መጻሕፍት ወደ ፊልም ሲገቡ፣ በቆላው በኩል በኢፋት መስጊዶችና ቤተሰቦች እጅ ያለው የዓረብኛና የዓጀሚ ጽሑፍ በአብዛኛው ከሥራው ውጭ ቀረ። በክፋት ነው ማለት አይቻልም፤ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ቅርስ ማስቀደሟ የሚጠበቅ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ ያልተነሣ መጽሐፍ ገላጭ ቢገኝለትም አይገለጥም። የሁለት ሃይማኖት ሰዎች አብረው የገነቡት ገበያ ታሪክ በአንድ ወገን መዝገብና በአንድ እንግሊዛዊ ማስታወሻ ይጻፋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የኮሌጅቪል ፊልሞች አሁን በዲጂታል እየተለወጡ በኢንተርኔት ይታያሉ፤ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የሰሜን ሸዋን ብራና የሚኒሶታ ተማሪ ሲያነብ የአንኮበር ተማሪ ማንበብ አልቻለም። በምስል የተቀመጠ መጽሐፍ ከባድ ነው፤ በፊደል የተጻፈ ግን ቀላል ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ለዚህ የሚከለክል ነገር የለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ከላቲኑ ይከብዳል፤ ሲታመቅ ግን ሸክሙ በእጅጉ ይቀልላል። በፊደል ተገልብጦ የታመቀ ካታሎግ፣ ገድል፣ ዜና መዋዕልም ሆነ የመስጊድ መዝገብ በአንድ ፍላሽ ገብቶ መረብ በሌለበት ትምህርት ቤት ገጽ በገጽ ይነበባል።

የሚያስፈልገው በቅደም ተከተል ሦስት ነገር ነው። በኢፋት ቤተሰቦችና መስጊዶች እጅ ያለውን፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው፣ ከእጃቸው ሳይወጣ በፎቶ ማንሣት። ቀጥሎ ዓረብኛውን፣ ዓጀሚውንና ግዕዙን የሚያነቡ ሰዎች በየአንዳንዱ ምን እንዳለ እንዲመዘግቡ ማድረግ። በመጨረሻም ቅጂው ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ በተጨማሪ እዚያው አንኮበርና አሊዩ አምባ እንዲቀመጥ ማድረግ። ለመጀመሪያው ካሜራ ይበቃል፤ ለመጨረሻውም ተራ ኮምፒውተር። የሚከብደው መካከለኛው ነው፤ የሚያነብ ሰው ማፍራት ዓመታት ይፈጃል። የድጓን ምልክት የሚያውቁ፣ ዓጀሚን የሚለዩ አዛውንቶች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ፋይሉ ይጠብቃል፤ እነሱ ግን አይጠብቁም።