የሱፒሪየር ሐይቅ የወጀብ ማዕበል

የሱፒሪየር ሐይቅ የወጀብ ማዕበል በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ድንበር ላይ በሚገኘው በዚህ ሐይቅ፣ በተለይ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት የሚነሣ ከባድ ማዕበል ነው። ሱፒሪየር በገጹ ስፋት ከዓለም ጨዋማ ያልሆኑ ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ስፋቱ 82,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የጣና ሐይቅን ከሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ከምዕራብ ጫፉ እስከ ምሥራቅ ጫፉ 563 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱም አንዳንድ ቦታ ላይ 406 ሜትር ይደርሳል። ይህን የሚያህል ውሃ በነፋስ ሲመታ የሚያነሣው ማዕበል ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የብረት መርከቦችን ለመስበርና ለማስጠም ይበቃል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማዕበሉን መጠን ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፤ የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት የጊዜ ርዝመት፣ እንዲሁም የብስ ሳያግደው በውሃው ላይ የተጓዘበት ርቀት ናቸው። በትንሽ ሐይቅ ላይ ነፋሱ የቱንም ያህል ቢበረታ ርቀቱ ቶሎ ያልቅበታልና ማዕበሉ ሳያድግ ዳር ይደርሳል። በሱፒሪየር ላይ ግን ከሰሜን ምዕራብ ወይም ከምዕራብ የሚነሣ ነፋስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ባዶ ውሃ ያገኛል። የሐይቁም ጥልቀት ማዕበሉን አይገታውም፤ ማዕበሉ ወለሉን ሳይነካ ያድጋል። አማካይ ጥልቀቱ 19 ሜትር ብቻ በሆነው በኤሪ ሐይቅ ላይ ይህ አይሆንም፤ እዚያ ትልልቁ ማዕበል ወለሉ ስለሚሰማው እድገቱ ይገደባል።

ወሩም የራሱ ድርሻ አለው። ሐይቁ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። በኖቬምበር ከአርክቲክ የሚወርደው አየር ከውሃው ይልቅ እጅግ ይቀዘቅዛል። ከሥር የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ ያለው ፈጣን አየር በምትኩ ይወርድና የውሃውን ገጽ በቀጥታ ይመታል። በጸደይ ወራት ግን ውሃው ከአየሩ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከገጹ ከፍ ብሎ ያልፋል። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው ነፋስ በኖቬምበር የሚያነሣው ማዕበል በሜይ ከሚያነሣው ይበልጣል። በኖቬምበር ደግሞ ከአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች የሚነሡ የዝቅተኛ ግፊት አውሎ ነፋሶች በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ ያልፋሉ፤ ሙቀቱም ያጠነክራቸዋል።

የማዕበል ጉልበት ከፍታው ሲጨምር በእኩል መጠን አይጨምርም። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ። ከፍታው 6 ሜትር የሆነና በየ9 ሰከንዱ የሚደጋገም ማዕበል በእያንዳንዱ ሜትር ስፋቱ ወደ 160 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ተሸክሞ ይጓዛል። አንድ ኪሎ ሜትር በሚሆን የባሕር ዳርቻ ላይ ሲያርፍ ኃይሉ 160 ሜጋ ዋት ይደርሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከፍታ ሲባል የከፍተኞቹ አንድ ሦስተኛ ማዕበሎች አማካይ እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ወጀቡ ለሰዓታት ከቆየ ከመካከላቸው አንዱ የዚህን አማካይ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

የሐይቅ ማዕበል ከውቅያኖስ ማዕበል የሚለየው ውሃው ጨው ስለሌለውና ቀላል ስለሆነ ነው የሚል አስተያየት በመርከበኞች ዘንድ ይሰማል። የክብደቱ ልዩነት ግን ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ነገሩን አያስረዳም። ትክክለኛው ምክንያት ማዕበሉ ገና ወጣት መሆኑ ነው። በውቅያኖስ ላይ ከሩቅ ወጀብ የመጣና በየ15 ሰከንዱ የሚደጋገም ማዕበል ከአናት እስከ አናት 350 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መርከብም ተንሸራቶ ይወጣዋል፣ ተንሸራቶ ይወርደዋል። በሱፒሪየር ላይ በ9 ሰከንድ የሚደጋገመው ግን 126 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍታው ያው ሆኖ ቁልቁለቱ ይበረታል፤ አናቱም በቀላሉ ይሰበራል። መርከቡ ከአንዱ ማዕበል ሳይነሣ ሌላው ይደርስበታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የታየው በ1975 ኖቬምበር 10 ነው። ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የተባለው 222 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ወደ 26,000 ቶን የሚጠጋ የብረት ማዕድን ጭኖ ከዊስኮንሲን ወደ ዲትሮይት ይጓዝ ነበር። ካፒቴኑ ኧርነስት ማክሶርሊ፣ ከኋላው ይከተል የነበረው የአርተር አንደርሰን መርከብ ካፒቴን ደግሞ በርኒ ኩፐር ነበሩ። ሁለቱም መርከቦች ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን ነፋስ ለመሸሽ የካናዳውን ዳርቻ ተጠግተው ሄዱ፤ ለዚያ ሰዓት ውሳኔው ትክክል ነበር። የወጀቡ እምብርት ሐይቁን ሲያልፍ ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ። መጠጊያ የነበረው የሐይቁ ምሥራቅ ክፍል ማዕበሉ አድጎ የሚያርፍበት ጫፍ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ማክሶርሊ የወለሉ ዳር አጥር እንደወደቀ፣ ሁለት የአየር ማስገቢያዎች እንደተጎዱና መርከቡ ወደ ጎን እንዳዘመመ በሬዲዮ አሳወቁ። ቆይቶም ራዳሮቻቸው ጠፉ። ወደ ምሽቱ 7 ሰዓት ገደማ (በኢትዮጵያ አነጋገር ከምሽቱ 1 ሰዓት) አንደርሰንን ሁለት ትልልቅ ማዕበሎች ተከታትለው መቱት፤ ውሃው ከገጹ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የነበረውን የአዛዡን ወለል አለበሰው። ማዕበሎቹ ፊትዝጄራልድ ወዳለበት አቅጣጫ ቀጠሉ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ማክሶርሊ መርከባቸው እየተቋቋመ መሆኑን ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ መርከቡ ከራዳር ጠፋ። የነበሩት 29 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ስብርባሪው 160 ሜትር ጥልቀት ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ።

ለአደጋው አንድ የተስማሙበት ምክንያት የለም። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው የምርመራ ቦርድ የዕቃ ክፍሎቹ ክዳኖች በደንብ ባለመግጠማቸው ውሃ እንደገባ ደመደመ። የመርከብ ባለቤቶች ማኅበር ግን መርከቡ ቀደም ብሎ በካሪቡ ደሴት አጠገብ ያለውን ጥልቀት የሌለው ቦታ ነክቷል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ ማዕበሉ ወለሉን ደጋግሞ ማጥለቅለቁ ግን አያከራክርም።

ረዥም መርከብ ሌላም አደጋ አለበት። የማዕበል አናት ከመካከሉ ሥር ሲሆን ሁለቱ ጫፎቹ ይንጠለጠላሉ፤ አናቶቹ ከጫፎቹ ሥር ሲሆኑ ደግሞ መካከሉ ይሰምጣል። ብረቱ እንደ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። በ1966 ኖቬምበር 29 ዳንኤል ሞረል የተባለው መርከብ በሂውሮን ሐይቅ ላይ በወጀብ ለሁለት ሲሰበር ከ29 ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር።

ማዕበሉ ወደብ ላይ ሲደርስ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። በ1905 ኖቬምበር 28 ማታፋ የተባለው መርከብ ወደ ሚኒሶታዋ የዱሉት ወደብ መግቢያ፣ በሁለት ግንቦች መካከል ወዳለችው ወደ 90 ሜትር ስፋት ወዳላት ቦይ ሲገባ ማዕበል አንሥቶ ከሰሜኑ ግንብ ጋር አላተመው። ከዚያም ከዳር ጥቂት ራቅ ብሎ ተሰበረ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዳር ላይ እሳት አንድዶ እያየ፣ በመርከቡ የኋላ ክፍል የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች በብርድ ሞቱ። በዚያ ወጀብ ከደረሰው ጥፋት የተነሣ በሰሜኑ ዳርቻ ቋጥኝ ላይ ስፕሊት ሮክ የተባለው የመብራት ማማ ተሠርቶ በ1910 በራ። በዱሉት የማዕበልን ግፊት በመሣሪያ የለካው ደግሞ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ዴቪድ ጋይላርድ ነው። ውጤቱን በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አቀረበ፤ በኋላም በፓናማ ቦይ ቁፋሮ ስሙ ታወቀ። ሐይቅን ከውቅያኖስ እኩል በቁም ነገር ወስዶ በመለካቱ ሥራው ለወደብ ግንባታ ትልቅ ዋጋ ነበረው።

ነፋሱ ማዕበል ከማንሣት በተጨማሪ የሐይቁን ውሃ በጅምላ ወደ አንድ ዳር ይገፋል። ነፋሱ ሲቆም ውሃው ይመለስና በሐይቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በሱፒሪየር አንድ ዙር ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከፍታው አነስተኛ ቢሆንም በወጀብ ጊዜ ማዕበሉ በተለመደው ቀን ከማይደርስበት ቦታ እንዲደርስ ያደርገዋል።

በሱፒሪየር ላይ በተንሳፋፊ መሣሪያ ከተለካው ሁሉ ትልቁ ማዕበል በ2017 ኦክቶበር 24 በግራናይት ደሴት አቅራቢያ፣ ከሚሺጋኗ ማርኬት ከተማ በስተሰሜን የተመዘገበው 8.8 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር የሐይቁ ጣሪያ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች በረዶው እንዳይጎዳቸው ከክረምቱ በፊት ከውሃ ስለሚወጡ እጅግ ከባዱ ወቅት ብዙ ጊዜ ሳይለካ ያልፋል። ከ1975ቱ አደጋ በኋላ ቅዝቃዜ የሚከላከል የነፍስ አድን ልብስና የጥልቀት መለኪያ ግዴታ ሆነ፤ የመርከቦች ምርመራም ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ ትልቅ የማዕድን ጫኝ መርከብ በወጀብ አልጠፋም።

ዳርቻውን የሚጠብቀው ዋናው ጋሻ በረዶ ነው። ውሃው በዳር ሲረጋ ማዕበሉ ከአሸዋውና ከቋጥኙ ርቆ ይሰበራል። በረዶ ባልበረታባቸው ዓመታት ግን ወጀቡ ዳርቻውን ክረምቱን ሙሉ ይመታል። በዊስኮንሲን በኩል ባሉት የአፖስል ደሴቶች በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ የተቦረቦሩት ዋሻዎች የዚህ ድብደባ ሥራ ናቸው። በዱሉት ደግሞ በ2017 እና በ2018 የተነሡት ወጀቦች የሐይቁን ዳር የእግረኛ መንገድ ስላፈረሱት ከተማዋ ዳርቻውን በትልልቅ ድንጋይ መልሳ ማጠናከር ነበረባት።