ለሞቃት አገር ታስቦ ወደ ጠፈር የወጣው የፀሐይ ባትሪ

አንድ የጥበብ ሥራ የታሰበለት ሕዝብና በመጀመሪያ የተጠቀመበት ሕዝብ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ ይህንኑ በፀሐይ ባትሪ ታሪክ ለማስረዳት ነው። ዓመታቱ ኹሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል በ1839 ተመለከተ። በ1873 እንግሊዛዊው ዊሎቢ ስሚዝ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ ሲፈትሽ፥ ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኀይሉ እንደሚጨምር አስተዋለ። ከ10 ዓመት በኋላም አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪትስ ሴሌኒየምን በስስ ወርቅ ሸፍኖ የፀሐይ ባትሪ ሠራ። ነገር ግን ይህ ባትሪ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ አንዱን እጅ እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ አይለውጥም ነበር። ነገሩ 70 ዓመት ያህል በዚሁ ቆየ፤ ጕድለቱ ከሠሪዎቹ ስንፍና ሳይኾን ከሴሌኒየም ጠባይ የመጣ ነበርና።

መፍትሔው የተገኘው ከስልክ ሥራ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የነበረው ዳሪል ቻፒን፥ ሙቀትና እርጥበት በበዛባቸው ሩቅ ቦታዎች ለሚተከሉ ስልኮች የኤሌክትሪክ ምንጭ ይፈልግ ነበር፤ በእነዚህ ቦታዎች የባትሪ ድንጋይ ቶሎ ይበላሻልና። ሴሌኒየምን ሞክሮ አላረካውም። በዚያው ላቦራቶሪ ግን ጄራልድ ፒርሰንና ካልቪን ፉለር ሲሊኮንን ለሌላ ጕዳይ ያጠኑ ነበር። ሲሊኮን እጅግ ከጠራ በኋላ ባንድ ወገኑ ጥቂት ቦሮን፥ በሌላው ጥቂት አርሴኒክ ሲገባበት በመካከሉ ድንበር ይፈጠራል፤ ብርሃን ያስነሣቸው ኤሌክትሮኖችም በዚህ ድንበር ወደ አንድ ወገን ብቻ ይገፋሉ። ሦስቱ ሰዎች በኤፕሪል 1954 ለሕዝብ ያሳዩት ባትሪ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 6 እጁን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ።

በ1955 ባትሪው በጆርጂያ ግዛት፥ በአሜሪከስ ከተማ አጠገብ፥ በገጠር የስልክ መስመር ላይ ተፈተነ። ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ዋጋው ግን አላዋጣም። ቻፒን ራሱ በ1956 እንዳሰላው፥ አንድ መኖሪያ ቤት የሚበቃውን ኤሌክትሪክ በዚህ መንገድ ለማግኘት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ዋጋ ያልፈራው የጠፈር ሥራ ነው። በማርች 1958 በመጠቀችው በቫንጋርድ 1 ሳተላይት ላይ የነበረው ተራ ባትሪ በጥቂት ወር ውስጥ ሲያልቅ፥ በፀሐይ ባትሪ የሚሠራው ራዲዮ እስከ 1964 ድምፁን አሰማ።

ወደ ምድር የመለሰው የዋጋ መውረድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤሊዮት በርማን የተባለ ኬሚስት፥ የነዳጅ ኩባንያው ኤክሰን ገንዘብ ሰጥቶት፥ የጠፈርን ያህል ጥራት የማይጠይቅ ሲሊኮን በመጠቀም የአንዱን ዋት ዋጋ ከ100 ዶላር ወደ 20 ዶላር ገደማ አወረደው። ከዚህ በኋላ በአውስትራሊያ በረሓ የስልክ ማስተላለፊያዎች በፀሐይ ይሠሩ ጀመር። በድርቅ በተጐዳችው ማሊም አባ በርናር ቬርስፒየረን የተባሉ ካህን ከ1977 አንሥቶ የጕድጓድ ውሃ በፀሐይ ኀይል አስቀዱ። ዛሬ የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት በማምረታቸው የዋቱ ዋጋ ከ1 ዶላር በታች ኾኗል።

እንግዲህ የቻፒን ሐሳብ ወደ ታሰበለት ቦታ ለመድረስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀበት። ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ በመጀመሪያ ለመግዛት ዐቅም የነበረው ሌላ ስለ ነበረ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ዛሬም 600 ሚሊዮን ያህል ሰው ኤሌክትሪክ የለውም፤ ፀሐይ ግን ሞልቶታል። አዲስ ነገር በላቦራቶሪ መገኘቱ ብቻውን ለሚቸገረው ሕዝብ አይደርስም። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ የሚቸገረው ሕዝብ ራሱ መርማሪና ሠሪ ካልኾነ ተራው ኹልጊዜ የመጨረሻ እንደሚኾን ነው።