ላምዳ በዐረብኛ ኪታብ ውስጥ፦ አዝ-ዘህራዊና የታችኛው የዐይን ቆብ ጥገና

ከታችኛው የዐይን ቆብ ላይ ዕጢ ተቆርጦ ሲወገድ የጎደለውን መልሶ የመሥራት ጥበብ በአንዳሉሱ ሐኪም በአቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ተጀመረ ብሎ መጻፍ ለእኛ ቀላልም ደስ የሚያሰኝም ነበር። ይሁንና ኪታቡን ገልጠን ስንመረምር ነገሩን በዚህ መልክ ልንቀበለው አልቻልንም።

በ404 ዓመተ ሂጅራ (1013 እ.ኤ.አ.) ገደማ ያረፈው አዝ-ዘህራዊ ከኮርዶባ አጠገብ የነበረችው የመዲነቱ አዝ-ዘህራእ ሰው ነው። «አት-ተስሪፍ» የተሰኘው ድርሳኑ 30 ክፍሎች ሲኖሩት የመጨረሻው ስለ ቀዶ ጥገና ይናገራል። በዚሁ ክፍል ዐረቦች «ሸትራ» የሚሉትን የቆብ መገልበጥ እናገኛለን። የታችኛው ቆብ ወደ ውጭ ሲገለበጥ ሐኪሙ ድርብ ክር የገባበትን መርፌ በሥጋው ውስጥ ከአንዱ የዐይን ጥግ እስከ ሌላው ያሳልፋል፤ ሥጋውን አንሥቶም በሰፊ ምላጭ ይቆርጠዋል። ቆቡ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሥራው አበቃ። ካልተመለሰ ግን በቆቡ ውስጠኛ ገጽ ከሁለቱ ወገን ተነሥተው በማዕዘን የሚገናኙ ሁለት ስንጥቆች ያወጣል፤ ቅርጹ እንደ ግሪኩ ፊደል ላምዳ ነው። በመካከል ያለው ሥጋ ይወጣል፤ ጠርዞቹም በሱፍ ክር ይሰፋሉ።

በዐረብኛ የሚጽፍ የአንዳሉስ ሙስሊም ስለ ምን የግሪክ ፊደል አስፈለገው? ስልቱ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከጳውሎስ ዘኤጊና የመጣ ስለሆነ ነው። ይህን ዕዳ መሸሸግ የአዝ-ዘህራዊን ክብር አያተልቀውም፤ እርሱ ራሱ ፊደሉን እንዳለ ትቶልናልና።

ስለ ካንሰር የጻፈው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ገና ትንሽ ሳለና ሙሉ በሙሉ ሊነቀል በሚችል ቦታ ሲገኝ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ የቆየውንና የገዘፈውን ግን አንድም ጊዜ አድኖ እንደማያውቅ፣ ያዳነ ሰውም አይቶ እንደማያውቅ በግልጽ ይመሰክራል። ስለዚህ ዕጢ ማውጣትና ቆብ ማቅናት በኪታቡ ውስጥ የየራሳቸው ምዕራፍ ሆነው ቀሩ። ሁለቱ በአንድ ሥራ የተጋጠሙት ብዙ ዘግይቶ ነው፦ የሐምቡርጉ ፍሪከ ስለ አዲስ ቆብ አሠራር ያሳተመው በ1829፣ ከላይኛው ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ተውሶ ታችኛውን የሚሞላው የሂዩዝ ስልት የወጣው በ1937 ነው።

ነገር ግን የዛሬው ሐኪም ዕጢውን አውጥቶ ሲሰፋ አብዝቶ የሚፈራው ያንኑ ሸትራን ነው። ጠባሳው ቆቡን ወደ ታች እንዳይስበው የስፌቱን ውጥረት ወደ ጎን ያደርገዋል። አዝ-ዘህራዊም በጠባሳ ለተሰበሰበ የላይኛው ቆብ የሚያደርቅና የሚያኮማትር መድኃኒት ከልክሎ፣ እንደ አብሽ ያለ የሚያላላ ነገር ያዝዛል፤ አለበለዚያ ሸትራው ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል ይላል።